ጭቃ ግድግዳ ላይ አልረጋ ያለ ሶኬት፦ የአንድ የደሴ ቤት የጉዳይ ጥናት

ደሴ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሥራ እሠራለሁ። ብሎኬት ቤት ላይ ሶኬት መግጠም ብዙ ወሬ የለውም። በድሪል ይበሳል፣ ፊሸር (ቪቴ የሚገባበት የፕላስቲክ ቱቦ) ይገባል፣ ቪቴው ይጠብቃል፣ አለቀ። ጭቃ ቤት ላይ ግን ይኸው አሠራር ጥቂት ወር ይቆምና ይለቃል። በየክረምቱ እንዲህ ዓይነት ጥሪ አይጠፋም። አንዱ ግን ተጽፎ ቢቀመጥ ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ፤ ሊበላሽ የሚችለው ሁሉ አንድ ግቢ ውስጥ ተሰብስቦ ነበርና። የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። ቤቱም ሸዋ በር አካባቢ ነው ከማለት አላልፍም።

## ቤቱ

የቤቱ ባለቤት ከሰባ ዓመት ያለፉ እናት ናቸው። ዋናውን ቤት ያሠሩት የባላቸው አባት ናቸው። ከጀርባ ያለው ሰርቪስ ብዙ ቆይቶ የተጨመረ ነው፤ አሁን ተከራይቷል። ከተከራዮቹ አንዷ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ሥራዋ ሁሉ በአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ነው።

ሁለቱም ቤቶች የጭቃ ናቸው። የባህር ዛፍ ቋሚ መሬት ውስጥ ተተክሏል። በቋሚው ላይ ማገር በአግድም ተደርድሯል። ከዚያ ጭድ የገባበት ጭቃ ተሞልቶ ተመርጓል። ዋናው ቤት ማገሩ የታሰረው በልጥ ነው። የሰርቪሱ በሚስማር ነው። ይህች ልዩነት ኋላ ላይ ብዙ ታለፋናለች።

ከምርጊቱ በላይ ደግሞ የሲሚንቶ ልስን አለ። ልስኑ የመጣው ቤቱ ከተሠራ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ቤቱን ለማሳመር ነው። ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በላዩ ቀለም ተቀብቷል። ላየው ሰው ብሎኬት ቤት ነው የሚመስለው። ቀደም ብለው የመጡት ሠራተኞችም ብሎኬት ነው ብለው ይመስላል የሠሩት። በየቦታው ፊሸር አለ፤ በየፊሸሩ ዙሪያ ደግሞ ጀሶ ተለጥፏል።

የዋናው ቤት ኮርኒስ የተወጠረ አቡጀዲ ነው። ደሴ ውስጥ በድሮ ቤቶች አሁንም የሚታይ ነገር ነው።

## ችግሩ

የተጠራሁት ለምጣዱ ሶኬት ነበር። ሶኬቱ ከግድግዳው ወጥቶ በገዛ ሽቦዎቹ ተንጠልጥሏል። ፕላስቲኩ በአንድ ጎኑ ቡናማ ሆኗል። ተከራይዋ «ወንድሜ፣ ስሰካው ትስ ይላል፤ ግን ይሠራል» አለችኝ። «ግን ይሠራል» የምትለዋን ቃል በዚህ ሥራ ላይ በጣም ነው የምፈራት።

ሌላውንም ዞሬ አየሁ። የብሬከር ሳጥኑ ከተያዘባቸው አራት ፊሸሮች ሁለቱ ወጥተው ሳጥኑ ወደ ፊት ዘንበል ብሏል። ሁለት ማብሪያ ማጥፊያዎች ሲነኩ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ዋናው ቤት ውስጥ አምፖሉ አቡጀዲውን በስቶ ወርዷል። ከላይ የያዘው ነገር ምን እንደሆነ ከታች አይታይም። ኋላ ላይ ወጥተን ስናይ የያዘው በቴፕ የተጠቀለለ የሽቦ ቋጠሮ ነበር፤ ቋጠሮው ጨርቁ ላይ ነው የተኛው።

የጭነቱን ነገር ማስላት ይገባል። የምጣዱ ኃይል 3,500 ዋት ነው። በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። ሶኬቱ ደግሞ የተሠራው ለ16 አምፔር ነው። ማለት ሳያርፍ በአቅሙ ጣሪያ ላይ ይሠራል። ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን በዚያው መስመር ላይ የጎረቤት ክፍል ሶኬቶችም አሉ።

ሶኬት ሲንቀሳቀስ ውስጥ ያለው የሽቦ መጨበጫ ይላላል። የላላ መጨበጫ ላይ 0.1 ኦም ተቃውሞ ቢፈጠር፣ በ16 አምፔር ጊዜ እዚያች ነጥብ ላይ ብቻ 25 ዋት ገደማ ሙቀት ይወጣል። 25 ዋት ትንሽ ይመስላል። ግን በአንዲት የብሎን ጫፍ ላይ፣ ለሰዓታት፣ በፕላስቲክ ተከቦ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያለሰልሳል። ከዚያ መጨበጫው የበለጠ ይላላል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። ደግሞ ከኋላው ያለው የተፈረፈረ ጭቃ፣ የወጣ ጭድና የደረቀ ማገር ነው። ጭቃ አይቃጠልም፤ ጭዱና ማገሩ ግን ይቃጠላሉ።

ስለዚህ ጥያቄው የአንድ ሶኬት መሆኑ ቀረ። ይህ ግድግዳ ምን ሊይዝልን ይችላል? ወደሚል ሄደ።

## ለምን አልያዘም

ፊሸር የሚይዘው በመስፋት ነው። ቪቴው ሲገባ ፕላስቲኩ ወደ ጎን ይገፋል። ዙሪያው ጠንካራ ከሆነ ይጨመቅና ይይዛል። ጭቃ ውስጥ ግን የሚገፋው ነገር ይደቃል። ፊሸሩ ለራሱ ሰፊ ቀዳዳ ይሠራል ማለት ነው። ቪቴውን የበለጠ ባጠበቁት ቁጥር የበለጠ ይለቃል።

«ልስኑስ ሲሚንቶ አይደል?» ይባላል። ነው። ግን ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር በደንብ አይዋሃድም። ጭቃ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ሲሚንቶው አብሮት አይሄድም። በጊዜ ብዛት መካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል። ይህን ግድግዳ በጣት ሲያንኳኩት ብዙ ቦታ ላይ ባዶ ድምፅ ይሰጥ ነበር። እንዲህ በተላቀቀ ልስን ላይ የሚያንቀጠቅጥ ድሪል ማስነሳት የቀረውንም ማላቀቅ ነው።

ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ክረምቱ ዝናብ ነው፣ ጉም ነው፣ ብርድ ነው። ወሎ ላይ የበልግ ዝናብም አለ። የጭቃ ግድግዳ ስለዚህ በዓመት ሁለቴ ይርሳል፣ ሁለቴ ይደርቃል። በጀሶ የተለጠፈው ፊሸር እዚህ ላይ ነው የተሸነፈው። ጀሶ እርጥበት ሲነካው ጉልበቱን ያጣል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሶኬቱን የጣለው ክብደት አይደለም። ሶኬት ራሱ ምን ይመዝናል? የጣለው መነቀል ነው። ተከራይዋ በዚያች ሶኬት ላይ ጠዋት ምጣዷን፣ ማታ ሌላ ነገር ትሰካ ነበር። የምጣድ ሶኬት ደግሞ ጠበቅ ያለ ነው። በአንድ እጅ ግድግዳውን ደግፋ፣ በሌላው እየወዘወዘች ነው የምትነቅለው። በየቀኑ የሚመጣው ወደ ውጭ የሚስብ ኃይል ነው፤ ፊሸሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ከምንም በላይ የማይችለው ይህንን ነው።

## የልጅ ልጅየው ቪዲዮ

የባለቤቷ የልጅ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በስልኩ አንድ የውጭ አገር ቪዲዮ አሳየኝ። «ይኸው፣ የእኛን የመሰለ ግድግዳ ነው» አለ። ልጁ ከንቱ አልነበረም። እነሱም ጋ የድሮ ቤት ግድግዳ እንጨትና ምርጊት ነው። ቋሚ እንጨቶች ይቆማሉ፤ በላያቸው ቀጫጭን ጠፍጣፋ እንጨቶች ትንሽ ትንሽ ክፍተት እየተተወ በሚስማር ይመታሉ። በላዩ ኖራ ወይም ጀሶ ይለሰናል። ልስኑ በክፍተቱ ሾልኮ ከኋላ ይታጠፍና ሲደርቅ እንደዚያው ተቆልፎ ይቀራል። ግድግዳውን የሚይዘው ያ ቁልፍ ነው። በመዶሻ ሲመታ ቁልፉ ይሰበርና ልስኑ ይወርዳል።

ልዩነቱ ከኋላ ነው። የእነሱ ግድግዳ በቋሚዎቹ መካከል ባዶ ነው። ስለዚህ በቀዳዳ ገብቶ ከኋላ ክንፉን የሚዘረጋ ብሎን አላቸው። ቪዲዮው በሙሉ ስለዚህ ብሎን ነበር። የእኛ ግድግዳ ግን ድፍን ጭቃ ነው። ክንፉ የሚዘረጋበት ቦታ የለም።

ያም ሆኖ ከቪዲዮው የተረፈ ነገር አለ። እነሱም ከባድ ነገር ሲሰቅሉ ልስኑን አያምኑም፤ ቋሚውን ፈልገው እሱ ላይ ያስራሉ። መዶሻ አያበዙም። እንጨቱን ቀድመው በቀጭን ፑንታ ይበሳሉ። ሦስቱም ለእኛ ይሠራሉ።

## እንጨቱን ፍለጋ

ባለቤቷ ገና ስጀምር «ልጄ፣ ግድግዳዬን ወንፊት አታድርግብኝ» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። እንጨት ፍለጋ ተብሎ ያለ ዕቅድ ሲበሳ ልስኑ ያልቃል።

እዚህ ላይ የረዱን አንድ አዛውንት ጭቃ መራጊ ናቸው። ሰፈሩ ውስጥ ብዙ ቤት መርገዋል። ግድግዳውን ከማዕዘን ጀምረው በመዳፋቸው እየዳበሱ ሄዱ። በር ካለ በሁለቱም ጎን ቋሚ አለ አሉ። መስኮትም እንደዚያው። ማዕዘን ላይ ቋሚው ድርብ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው በዚህ ቤት ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር እየተራራቀ ይሄዳል። የቋሚ እንጨት ቀጥ ብሎ አይበቅልምና ከላይ ያገኘኸው ከታች እዚያው ይሆናል ብለህ አትመን ብለውም አስጠነቀቁኝ። ልክ ነበሩ። አንዱ ቋሚ ከላይ እስከ ታች ከአንድ መዳፍ በላይ ዘሞ አግኝተነዋል።

ስንጥቁም ይናገራል። በቋሚው ላይ ያለው ጭቃ ስስ ስለሆነ ቀጭን ስንጥቅ ከላይ ወደ ታች እሱን ተከትሎ ይወርዳል። ከዝናብ በኋላ ደግሞ እንጨት ያለበትና ጭቃ ብቻ ያለበት ቦታ እኩል ስለማይደርቅ፣ ቀለሙ ላይ ደብዘዝ ያለ መስመር ይታያል። ይህን በጎን በኩል በባትሪ እያበሩ ነው የሚያዩት።

ማግኔትም ሞከርን። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ትልቅ ማግኔት በክር አንጠልጥለን ግድግዳው ላይ አስሄድነው። ሰርቪሱ ላይ ሚስማሩ ወደ ላይ ቀረብ ባለበት ቦታ ማግኔቱ ጠጋ ይላል፤ ሁለት ሦስት ቦታ አንድ መስመር ላይ ሲገጥም ማገሩ እዚያ ነው ማለት ነው። ዋናው ቤት ላይ ግን ምንም። ልጥ ማግኔት አይስብም።

የመጨረሻው ማረጋገጫ ቀጭን ፑንታ ነው። 3 ሚሊ ሜትር፣ ድሪሉ የማያንቀጠቅጥበት ማርሽ ላይ ሆኖ፣ የሚበሳውም ኋላ ሶኬቱ የሚገጠምበት የእንጨት ሰሌዳ በሚሸፍነው ቦታ ብቻ። የሚወጣው ዱቄት ሁሉን ይናገራል። መጀመሪያ ግራጫ ሲሚንቶ፣ ቀጥሎ ቡናማ ጭቃ፣ ከዚያ ፑንታው ይከብድና ነጣ ያለ የእንጨት ፍርፋሪ ይወጣል። በዚህ ቤት እንጨቱ የተገኘው ከላይ 5 እና 6 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ነው።

እንጨት መገኘቱ ብቻ አይበቃም። ደህና መሆን አለበት። ለዚህ ባለቤቷ ስፌት የሚሰፉበትን ወስፌ ተዋስኩ። በቀዳዳው አስገብቶ እንጨቱን መውጋት ነው። ደህና ባህር ዛፍ ወስፌ አያስገባም። የበሰበሰ ግን ዝም ብሎ ይውጠዋል። ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው ቦታ ላይ የወጋናቸው ቋሚዎች ብዙዎቹ ለስላሳ ነበሩ። የመሬት እርጥበት የሚበላው ሥሩን ነው። ሶኬቶቹን ሁሉ ወደ ላይ ከፍ ለማድረግ የወሰንነው በዚህ ምክንያት ነው።

## የምጣዱ ቦታ

መጀመሪያ ዋናው ብሬከር ወረደ። ሁሉም ሽቦ በቴስተር ተፈተሸ። ድሮ ቤት ላይ አንዱን ብሬከር አወረድኩ ብሎ ማመን አይቻልም፤ ከጎረቤት ክፍል የተሳበ ሽቦ ሊኖር ይችላል። እዚህም ነበረ።

ልስኑን በመዶሻ አላነሳነውም። ሰሌዳው በሚያርፍበት ልክ አራት ማዕዘን በግራይንደር ተቆረጠ። ከዚያ ጭቃው በውሃ እየራሰ ተፋቀ። ሲርስ አቧራ የለም፣ ዙሪያውም አይነቃነቅም። አንድ ቋሚና ሁለት ማገር ወጡ።

የቋሚው ፊት ክብ ነው፤ በመሮ ትንሽ ጠፍጣፋ ተደረገ። ከሞራሌ እንጨት የተቆረጠ ታኮ (ቁራጭ መደገፊያ) እሱ ላይ ተቀመጠ። የታኮው ውፍረት የተለካው ፊቱ ከልስኑ ፊት ጋር እኩል እንዲሆን ነው። ይህች ነገር የሥራው ሁሉ ቁልፍ ናት። ሰሌዳው በታኮው ላይ ይደገፋል እንጂ ጭቃው ላይ አይደገፍም። ሲጠብቅ እንጨት ከእንጨት ጋር ይጣበቃል። መካከል የሚደቅ ነገር የለም።

የደረቀ ባህር ዛፍ ቪቴ ዝም ብሎ ቢገባበት ይሰነጠቃል። ስለዚህ 5 ሚሊ ሜትር ቪቴ ከመግባቱ በፊት ቋሚው በ3.5 ፑንታ ተበሳ። ታኮው በሁለት ረጃጅም ቪቴ ተያዘ፤ ቪቴዎቹ ትንሽ ሰያፍ እንዲገቡ ተደረገ። ቪቴው ቋሚው ውስጥ ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር መግባቱ ተረጋግጧል። መራጊው ክፍተቱን በጭቃ ሞሉት። ጭቃው ጭድ ገብቶበት ቀደም ብሎ ተቦክቶ የሰነበተ ነው። «ሳይብላላ የተመረገ ጭቃ ይተረተራል» ብለው አስጠብቀውናል። ሲደርቅ ሰሌዳው ታኮው ላይ ተገጠመ።

ሶኬቱም ተቀየረ። ተራው 16 አምፔር ሶኬት ቀርቶ ባለ 32 አምፔር ኢንዱስትሪያል ሶኬት፣ ከኋላው ድፍን ሳጥን ያለው፣ ገባ። ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው 4 ካሬ ሚሊ ሜትር መስመር ተሳበለት። ብሬከሩ 25 አምፔር ነው። የምጣዱ ገመድ ሰሌዳው ላይ በማሰሪያ ተይዟል፤ ገመዱ ሲሳብ የሚሳበው ማሰሪያው ነው፣ የሽቦው መጨበጫ አይደለም። ተከራይዋ ማታ የምትሰካው ነገር ሌላ ሶኬት ተሰጠው። ምጣዱን መንቀል ቀረ።

ሙከራ አደረግን። በእጅ የሚያዝ የገበያ ሚዛን ሰሌዳው ላይ አስረን ወደ ውጭ ሳብነው። ሚዛኑ 25 ኪሎ ድረስ ነው የሚያነበው። ሰሌዳው አልተነቃነቀም።

## የቀሩት

ብሬከር ሳጥኑ የነበረበት ቦታ ላይ ቋሚ አልነበረም። ሁለት አማራጭ ነበረን፦ ሳጥኑን ማንቀሳቀስ፣ ወይም ከአንዱ ቋሚ እስከ ሌላው የሚደርስ ጣውላ መዘርጋት። ዋናው ሽቦ አጭር ስለነበር ሁለተኛውን መረጥን። ሁለት ጣውላ በአግድም፣ ጫፍና ጫፋቸው በታኮ ላይ ተይዞ። ሳጥኑ እነሱ ላይ ተቀመጠ። በዚህ አጋጣሚ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ ወዲያው የሚያጠፋ) ገባ። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ሰውን የሚጠብቀው አርሲዲ ነው። ወለሉ በክረምት ለሚረጥብ ቤት ይህ ቅንጦት አይደለም።

ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ቀላል ነበሩ። ሁሉም ወደ በር ጥግ ተጠጉ። እዚያ ቋሚ መኖሩ የታወቀ ነው። በነገራችን ላይ ዋናው ቤት ውስጥ አንድ የድሮ ማብሪያ አግኝተናል። ክብ እንጨት ላይ የተቀመጠ፣ እንጨቱም በቀጥታ የበሩ ቋሚ ላይ የተያዘ። ከእሱ በኋላ የተገጠሙት ሁሉ ሲወድቁ እሱ አልተነቃነቀም። ያንን የሠራው ሰው ግድግዳው ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ለኮርኒሱ ወደ ላይ ወጣን። ከአቡጀዲው በላይ በሁለት አግዳሚ እንጨቶች ላይ ሞራሌ ተጋደመ። አምፖሉ እሱ ላይ በተሰካ መንጠቆ ተንጠለጠለ። ቋጠሮዎቹ ተፈትተው ስካቶላ (የሽቦ ማገናኛ ሳጥን) ውስጥ ገቡ። አምፖሉ ኤልኢዲ ሆነ፤ የቀድሞው 100 ዋት ነበር፣ አብዛኛውንም ወደ ሙቀት ነበር የሚቀይረው። ከጨርቅ አጠገብ እንዲህ ያለ አምፖል እስከዛሬ መቆየቱ ይገርማል።

## ያልሠራው

የባለቤቷ ልጅ ሽቦው ሁሉ ግድግዳ ውስጥ እንዲቀበር ፈልጎ ነበር። ሥራው ኮምቦልቻ ነው፤ እዚያ የሚያየው አዲስ ቤት ሁሉ እንደዚያ ነው። አንድ ትንሽ ቦታ ላይ ቆርጠን አሳየነው። ከላይ ወደ ታች የሚሄድ ቦይ ማገሩን ሁሉ ይቆርጣል። ማገሩ ደግሞ ጭቃውን የያዘው ነው። ልጁ ራሱ ሐሳቡን ተወ። ሽቦዎቹ በፕላስቲክ ትራንኪንግ (ሽቦ የሚሸፍን ቦይ) ውስጥ ሆነው በግድግዳው ፊት ላይ ሄዱ። እናትየው አሁንም አልወደዱትም፤ እኔም አልፈርድባቸውም፣ አያምርም።

ግንበኛ የሆነ ዘመድ ደግሞ ቀዳዳውን አስፍቶ በሲሚንቶ መሙላት ይበቃል ብሎ ነበር። ሰው በማያየው ጥግ ተሞከረ። ደረቅ ጭቃ የሲሚንቶውን ውሃ ወዲያው መጠጠው። ሲደርቅ የሲሚንቶው ቁራጭ ዙሪያውን ለቀቀ። በመጨረሻ ፊሸሩም ቪቴውም ሲሚንቶውም አንድ ላይ በእጅ ተስበው ወጡ።

በረጅም ቪቴ በልስኑና በጭቃው አልፎ በቀጥታ ቋሚውን መያዝስ? ይህ ታኮውን ያስቀራል። ለበረንዳው መብራት ሞክረነዋል። ቪቴው እንጨቱን ያዘ። ችግሩ ሲጠብቅ ሰሌዳው ጭቃውን እየደቆሰ ወደ ውስጥ ገባ፤ ባላጠበቅነው ቁጥር ደግሞ ይወዛወዛል። 6 ሳንቲ ሜትር ጭቃ ውስጥ ያለ ድጋፍ የሚያልፍ ቪቴ ክብደት ሲሰቀልበት ይጎብጣል። ለቀላል ነገር፣ ማንም ለማይነካው፣ ምናልባት። ሰው ለሚነካው አይሆንም።

## ክረምቱ ካለፈ በኋላ

ክረምት ከወጣ በኋላ ተመልሼ አየሁት። የምጣዱ ሰሌዳ እንዳለ ነው። ሽፋኑን ከፍቼ የሽቦ መጨበጫዎቹን ፈተሽኩ፤ ቀለም የቀየረ የለም። በሰሌዳው ዙሪያ አዲሱ ጭቃ ከድሮው ጋር በተገናኘበት ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ወጥታለች። መራጊው ይህን ጠብቀውት ነበር። በቀጭን ጭቃ ደፈኗት።

አንድ ማብሪያ ግን ላልቷል። በሩ ላይ ያለው ቋሚ ከላይ ደህና፣ ከውስጥ ነቀዝ የበላው ነበር። ወስፌው በፊት በኩል አልገባም፤ ነቀዙ የገባው ከጎን ነው። ማብሪያውን ወደ በሩ ሌላ ጎን አዛወርነው። አሁን እንጨት ስፈትሽ በአንድ ቀዳዳ አልረካም፤ ከጎንም ሰያፍ አድርጌ እወጋለሁ።

## ለሌላ ቤት የሚሆነው

ከሁሉ በፊት ግድግዳው ምን እንደሆነ ማወቅ ነው። ቀለምና ልስን ያታልላሉ። የበር ወይም የመስኮት ጎን ያለውን ውፍረት ማየት፣ ጣሪያው ሥር ልስኑ የሚያልቅበትን ቦታ መመልከት፣ ካልሆነም አንድ ቀጭን ቀዳዳ በስቶ ዱቄቱን ማየት በቂ ነው።

ቀጥሎ የሚገጠመው ነገር ምን ዓይነት ኃይል እንደሚመጣበት መጠየቅ ይገባል። ሰዓት ወይም ትንሽ መብራት ወደ ታች ብቻ ይከብዳል። ሶኬት ወደ ውጭ ይሳባል። ማብሪያ ወደ ውስጥ ይገፋል። ብዙ ሰው ሁሉንም በኪሎ ነው የሚያስበው። እኔ ሶኬትን ከብሬከር ሳጥን የባሰ ከባድ ዕቃ አድርጌ ነው የማየው።

ቦታውን እንጨቱ ይምረጥ። ባለቤት «እዚህ ይሁንልኝ» ሲል እዚያ ቋሚ ከሌለ ሁለት መንገድ ነው ያለው፤ ወደ ቋሚው መጠጋት ወይም በሁለት ቋሚ መካከል ጣውላ መዘርጋት። ከሥራው በፊት ይህን መነጋገር ኋላ ከመጨቃጨቅ ያድናል። ዋጋውንም እንደዚያው። ታኮውና ሰሌዳው ከሶኬቱ የበለጠ ጊዜ ይወስዳሉ፤ አናጺና መራጊም ያስፈልጋሉ። ኤሌክትሪሽያን ብቻውን የሚጨርሰው ሥራ አይደለም።

ጭቃውን በጭቃ መጠገን። ሲሚንቶም ጀሶም እዚህ ቦታ የላቸውም። ጊዜውም ቢታሰብ ጥሩ ነው፤ ከጥቅምት በኋላ የተሠራ ምርጊት ለመድረቅ ፀሐይ ያገኛል፣ ሐምሌ ላይ የተሠራው ግን ሳምንታት እርጥብ ሆኖ ይቆያል። እርጥብ ጭቃ ላይ ሶኬት መክፈት የለብንም።

ኮምቦልቻ ላይ ተመሳሳይ ቤት ያላችሁ ደግሞ ጥንቃቄው ትንሽ ይለያል። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የምትርቀው፤ ግን ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ ሞቃት ናት። ሞቃት ቦታ ላይ ከመበስበስ ይልቅ ምስጡን መፍራት ነው። ምስጥ እንጨቱን ከውስጥ ይጨርስና ላዩን ቅርፊት ብቻ ያስቀራል። ቋሚውን ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ ወይም ግድግዳው ላይ ቀጭን የአፈር ቧንቧ ከታየ፣ ታኮውን እዚያ ላይ አታስሩ። ታኮውም ከመግባቱ በፊት የፀረ ምስጥ ቅብ ቢቀባ ጥሩ ነው። ቋሚው በሙሉ የተበላ ከሆነ ደግሞ የብሬከር ሳጥኑን ከግድግዳው አውርዶ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ በሚቆም የብረት ቱቦ ላይ መግጠም ይቻላል፤ ቱቦው ከግራውንድ ሽቦው ጋር መገናኘት አለበት።